ያልተጎተተ መጣፊያ

«የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ይላሉ አበው፤ ይህን ሲሉም የሚያስቡት ዘወትር ክፉውን ልማድ ነው። በሰፈሩ «ምስማሬ» እየተባለ የሚጠራው ጫማ ሰፊ የታችኛው የፊት ጥርሶቹ ሥር መታየት በጀመረ ጊዜ፣ ታላቅ እኅቱ ይህንኑ ተረት ጠቀሰችበት። ምክንያት ነበራት። ወንድሟ ከልጅነቱ ጀምሮ ምስማር የሚያስቀምጠው በጣሳ ሳይሆን በታችኛው ከንፈሩና በድዱ መካከል ነበር።

ልማዱ የአባታቸው ነው። አባታቸው ሶል ሲመቱ አንድ ጭብጥ ምስማር አፋቸው ውስጥ ያደርጉና በምላሳቸው ጫፍ አንድ በአንድ ወደ ከንፈራቸው ይገፉታል፤ ግራ እጃቸው ይቀበላል፣ ቀኛቸው ይመታል። ሁለቱ ልጆችም ከግራና ከቀኝ ተቀምጠው እንደዚያው ያደርጉ ነበር። ምስማር የሞላው አፍ ቃል ስለማያወጣ፣ ሦስቱ በጉሮሮና በአፍንጫ ብቻ የሚነገር የራሳቸውን ቋንቋ አበጁ። አጭሩ ማጉረምረም «መዶሻውን አቀብለኝ» ነው፤ ረዘም ብሎ ወደ ላይ የሚወጣው «ደንበኛ መጣ»፤ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ የሚወርደው ደግሞ «ይህ ሰውዬ ዛሬም ሊከራከር ነው»። ደንበኛው ሦስት ሰዎች እንደ ንብ ሲያጉረመርሙ እያየ በእነርሱ ይስቃል፤ እነርሱም በእርሱ ይስቃሉ። ያን ጊዜ ሱቁ ማስቲሽና እርጥብ ቆዳ ይሸት ነበር፤ የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የእንጨት የጫማ ፎርማዎቹ ከተደረደሩበት መደርደሪያ ላይ ስታርፍ የእንጨቱ ቀለም ማር ይመስል ነበር።

አባታቸው ገና ጎልማሳ ሳሉ የታችኛው የፊት ጥርሶቻቸው ተነቃንቀው ወለቁ። ከዚያ ወዲህ ምስማሩ የሚደገፍበት ስላጣ በጣሳ ክዳን ላይ ይቀመጥ ጀመር፤ ማጉረምረሙም በሱቁ ውስጥ ቀረ። ከሁሉ የከፋው ግን የሳቃቸው ነገር ነው። ቀድሞ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ይስቁ የነበሩት ሰው አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው መሳቅ ጀመሩ፤ ኋላም እጁም ሳቁም ቀረ። ምስማሬ ሕመም አይፈራም። የሚፈራው ያን አፍ የሚሸፍን እጅ ነበር።

ከእኅቱ ጋር የሄደባት የድድ ሐኪም ወጣት ናት፤ ድምጿን ከፍ አታደርግም። ድዱ ከፍጥረቱ ስስ መሆኑን፣ ምናልባትም ከአባቱ የወረሰው መሆኑን፣ ምስማሩ ደግሞ ተፈጥሮ የጀመረውን እንደፈጸመው አስረዳችው። ከላንቃው ላይ ስስ ቁራጭ ሥጋ ተወስዶ በተገለጡት የሁለት ጥርሶች ሥሮች ላይ ይሰፋል። ቁራጩ ከበታቹ ካለው ሥጋ ደም እስኪያገኝ ድረስ እንግዳ ነው፤ ከተነቃነቀ ይሞታል። ይህ ካልተሠራ ግን ሁለቱ ጥርሶች የአባቱን መንገድ መከተላቸው አይቀርም።

«እኔም የምሠራው ይህንኑ ነው» አላት። «ግን ዶክተር፣ ከአንድ ጫማ ቆርጬ ያንኑ ጫማ ጥፌ አላውቅም።»

«እኔ ደግሞ ማስቲሽ የለኝም፣ ጋሼ። ስለዚህ ቶሎ አይደርቅልዎትም።»

ከዚያም ትእዛዟን ዘረዘረች። ምስማር ከእንግዲህ ወዲያ አፉ አይገባም። ትኩስና ጠጣር ምግብ ይቆያል፤ የተሰፋው ቦታ በብሩሽ አይነካም፤ ከንፈርንም ስቦ መመልከት ክልክል ነው። ምስማሬ ለሁሉም አንገቱን ነቀነቀ። እኅቱም አጠገቡ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች፤ በልቧ የቀረው ግን የምስማሩ ነገር ብቻ ነበር።

ቀዶ ሕክምናው በተደረገለት ዕለት ማደንዘዣው ሕመሙን እንጂ ስሜቱን ሁሉ አልወሰደበትም። ክሩ ሲሳብ ከንፈሩ ላይ ይታወቀው ነበር፤ መርፌው እንደ ወስፌ ጎበጥ ያለ መሆኑንም በሐኪሟ መነጽር ላይ ሲንጸባረቅ አየ። ሲነሣ እጅ ነሥቶ ወጣ። በመንገድ ላይ ለእኅቱ በምልክት ሊነግራት የሞከረው ስለ ሕመሙ አልነበረም፤ ስፌቱ እጅግ ንጹሕ መሆኑን ነበር።

እኅቱ በማግስቱ ሱቁን በረበረች። ከጣሳው፣ ከመሳቢያው፣ ከሽርጡና ከካፖርቱ ኪስ ምስማሩን ሁሉ ለቅማ ወደ ቤቷ ወሰደች። ጠዋት ጠዋት እየመጣች ለብ ያለ ሾርባ ትሰጠዋለች፤ ከዚያም በሱቁ የስፌት መኪና ፊት ተቀምጣ የእርሱን ሥራ ትሠራለች፤ እየሠራችም በጎን ዓይኗ ትከታተለዋለች። ጉንጩ አብጦ ስታየው ምን እንደደበቀ ትጠይቀዋለች። እብጠት መሆኑን ሲያስረዳት፣ ሌባም ሁልጊዜ የሚለው ያንኑ ነው ብላ ትመልሳለች።

በአንዱ ከሰዓት ምስማሬ ከንፈሩን ላለማንቀሳቀስ አፉን እንደገጠመ፣ በጉሮሮው ረዘም አድርጎ ወደ ላይ አጉረመረመ። የስፌት መኪናው ቆመ።

«እስቲ ድገመው» አለችው።

ደገመው። ቀና ስትል በእርግጥም በሩ ላይ አንዲት ሴት ጫማ ይዛ ቆማለች። እኅቱ ሴትዮዋን ተቀብላ ከሸኘች በኋላ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ እርሱም ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ድረስ ያለ ከንፈር ሳቀ። ያን ከሰዓት አባታቸው ለዝናብ ያጉረመርሙት የነበረውን፣ ለነጋዴ የነበረውን፣ እናታቸው ተቆጥታ ስትመጣ በፍጥነት ይለቁት የነበረውን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወሱ። አንዱ ጠፍቷቸው ነበር፤ እርሷ ጀመረችው፣ እርሱ ጨረሰው። ምስማር ሳይኖር ቋንቋው መኖሩ ሁለቱንም አስገረማቸው።

ስፌቱ ሊፈታ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት እብጠቱ ጎደለ፤ ሕመሙም ሄደ። ብሩህ ጠዋት ነበር። ምስማሬ ፊቱን ሊላጭ መስታወቱ ፊት ቆመ። አባቱ ካስተማሩት ነገር ሁሉ አንድ ጊዜም ያላጓደለው አንድ ሕግ ነበር፦ መጣፊያ ዳሩ በጣት ተጎትቶ ሳይፈተን ለባለቤቱ አይሰጥም። በዚህ ሕግ ምክንያት ነበር ሰዎች ከሩቅ መንደር ጫማ ይዘው ይመጡለት የነበረው። እጁ ከሐሳቡ ቀደመ። ከንፈሩን ወደ ታች ሳበ፤ ሮዝ ሆኖ የተኛውን ቁራጭ አየ፤ እንደ ባለሙያ ወደደው። ከዚያም የአውራ ጣቱ ጥፍር ከግራው ዳር ገባ።

ደሙ ከመታጠቢያው ላይ ሲንጠባጠብ ሾርባ ይዛ የመጣችውን እኅቱን ጠራ፤ በቃል ነበር የጠራት።

ሐኪሟ ፋሻ ይዛ ረጅም ጊዜ ተጫነችው። በቀኙ ጥርስ ላይ ያለው ይዟል፤ የግራው ግን ከሥሩ ተላቋል፤ ሊድን አይችልም አለች። ከዚያም ያለ ቁጣ ምን አስቦ እንደነካው ጠየቀችው።

«መጣፊያ ሳልጎትት አስረክቤ አላውቅም፣ ዶክተር» አላት።

ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች።

«ማስረከቡ የእርስዎ አልነበረም፣ ጋሼ። ሥራው ገና በእኔ እጅ ነበር።»

ሲመለሱ እኅቱ ክንዱን ይዛ ትሄድ ነበር። ተረቱን ትደግምበታለች ብሎ ጠበቀ፤ አልደገመችበትም። ከሱቁ ሲደርሱ ቁልፉን እየፈለገች፣ ፊቱን ሳታየው ተናገረች።

«ምስማሩን በየኪስህ ስፈልግ ሰነበትኩ፤ የአባባ ጣት አንተ ጋ መሆኑን ግን ረሳሁ።»

ምስማሬ ጣቶቹን ተመለከተ።

በተከታዩ ዓመት ከላንቃው ሌላ ወገን ቁራጭ ተወስዶ በግራው ጥርስ ላይ ተሰፋ። ስፌቱ እስኪፈታም ምስማሬ ጣቶቹን እንድትጠብቅለት እኅቱ ቤት ተቀመጠ። ሁለቱም ጥርሶች ዛሬ በቦታቸው አሉ።