ሰሌዳው አጠገብ የቆመ ሰው

ምንትዋብ ከሃያ ሁለት ሰፈር ዝቅ ብሎ ባለው የቀበሌ አዳራሽ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሆና ስትመደብ የያዘችው ዘዴ አንድ ብቻ ነበር፤ ማስደጋገም። ገና በመጀመሪያው ቀን «ሰሌዳው አጠገብ የቆመ ሰው ያለውን ሁሉ ድገሙ» አለቻቸው። ተማሪዎቿ ሲለፉ ውለው የሚመጡ እናቶችና ጎልማሶች ናቸው፤ «ሀ» ስትል «ሀ»፣ «ሁ» ስትል «ሁ» እያሉ የአዳራሹን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጡታል። ሐቁን ለመናገር ዘዴው ሠርቷል። የገዛ ልጆቻቸውን ስም የሚያምታቱት እማማ ዘርፌ እንኳ ፊደሉን አንድ በአንድ መለየት ጀምረዋል።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሽፈራው አስጠራት።

«ነገ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ክፍልሽ ካሳፈረን ገጠር ትዘምቻለሽ» አላት።

እናቷ የአልጋ ቁራኛ ከሆኑ ከርመዋል፤ ከእሷ በቀር ውሃ የሚያቀብላቸው የለም።

በማግስቱ ተቆጣጣሪው ጓድ ላጲሶ ካኪውን ግጥም አድርጎ፣ ሽፈራውን አስከትሎ መጣና ማንንም ሳይጠይቅ ሰሌዳው አጠገብ ተገተረ።

«ጓዶች!» አለ።

«ጓዶች!» አለ ክፍሉ።

ደስ አለው። «እንደምን ዋላችሁ?»

«እንደምን ዋላችሁ?»

«መልሱ እንጂ!»

«መልሱ እንጂ!»

ምንትዋብ ከኋላ ሆና ዝም እንዲሉ በእጇ ብትለምን ማን ዞሮ ይያት! ደግሞስ በዚያን ጊዜ ዝም ያለ ሰው ለምን ዝም አልክ ይባላል እንጂ፣ የተባለውን ደገምክ ተብሎ የተጠየቀ ማን አለ? ላጲሶ ፊቱ ደም ለበሰ። ወደ ሽፈራው ዘንበል ብሎ፣ ቀስ ያለ መስሎት፣ «እነዚህን ደደቦች ከየት ሰበሰብካቸው?» አለ።

«እነዚህን ደደቦች ከየት ሰበሰብካቸው?» አለ አዳራሹ በሙሉ። ከሁሉም የእማማ ዘርፌ ድምፅ ይጎላ ነበር።

«ይቺ አስተማሪ ነገ ዛሬ ሳትል ገጠር ትሂድ!» ብሎ አምባረቀ ላጲሶ። ይህንንም አሳምረው ደገሙለት።

ምንትዋብ እናቷ ፊቷ ላይ ድቅን አሉባት። ፍርሃቷ ተነነና ተንደርድራ ሄዳ ሰሌዳው አጠገብ ቆመች፤ ግራ እጇን ጨብጣ ወደ ላይ ሰነዘረች።

«መሃይምነት ይውደም!»

«ይውደም!» አለ ክፍሉ። የላጲሶም እጅ ሳያስበው ሽቅብ ተሰቀለ። በመፈክር መሃል እጁን ቀድሞ ያወረደ ሰው ምን እንደሚገጥመው፣ በዚሁ ሰበብ ስንቱን ያስጠየቀው እሱ ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ሽፈራውን በጎሪጥ አየው፤ ሽፈራውም እሱን በጎሪጥ ያየዋል። ሁለቱም እጃቸውን ይበልጥ ወደ ላይ ዘረጉ።

«አብዮታችን ያሸንፋል!»

«ያሸንፋል!»

«ይህ ክፍል በከፍተኛ ውጤት አልፏል!»

«አልፏል!» አለ አዳራሹ፤ ሽፈራውም አለ፤ ላጲሶም፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ምስክር አድርጎ አለ።

ምንትዋብ ግን እጇን አላወረደችም። ተማሪ አንድ ጊዜ ያለውን እንደሚረሳ ታውቃለችና፣ የላጲሶ ድምፅ እስኪሰልል ድረስ ደጋግማ «አልፏል» አሰኘችው።