የሚጡ እህት

ልብስ ሰፊዋን ሰፈርተኛው ፍልፈል ይላታል። ስሙ በክፋት የወጣ አይደለም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የጎማ ጫማዋን ተጫምታ፣ ዶማና አካፋዋን ተሸክማ የአንድ አሮጌ ቤት ጓሮ ልትቆፍር ስትሄድ የማያያት ስለሌለ ነው። እሷም ስሙን ወዳዋለች። ስልክ ስታነሳ ራሷ «ፍልፈል ነኝ» ትላለች።

የምትቆፍረው ወርቅ ፍለጋ አይደለም። የቆሻሻ መኪና በየደጁ መዞር ከመጀመሩ በፊት፣ የድሮ ሰዎች ጥራጊያቸውን የሚደፉት ጓሯቸው ውስጥ ጉድጓድ ምሰው ነበር። የተሰነጠቀ ሳህን፣ ያለቀበት የሽቶ ጠርሙስ፣ እጀታው የወለቀ ማንኪያ፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ጉድጓዱ ይደፈናል፣ ሣር ይበቅልበታል፣ ይረሳል። ፍልፈል ቀጭን ሹል ብረቷን መሬቱ ላይ እየተከለች ትፈልገዋለች። ያልተነካ መሬት ብረቱን ይመልሰዋል፤ አንዴ ተቆፍሮ የተሞላ መሬት ግን ይውጠዋል። ባለቤቱን አስፈቅዳ ትቆፍራለች፣ አፈሩን በወንፊት ትነፋለች። ከተገኘው ባለቤቱ የወደደውን ያነሳል፣ የተረፈው የእሷ ነው። ከዚያ ጉድጓዱን ሞልታ፣ ሣሩን መልሳ ትሄዳለች። የስፌት ቤቷ አንዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መደርደሪያ ነው። ቀሚስ ሊለኩ የመጡ ሴቶች ጠርሙስ ሲያዩ ቆይተው መለካቱን ረስተው የሚሄዱበት ጊዜ አለ።

ታናሽ እህቷ ባሏ ሲሞትባት ሻንጣዋን አንጠልጥላ እሷ ዘንድ ገባች። ትልቅ ሴት ሆና፣ ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበት፣ ዛሬም የምትጠራው በልጅነት ስሟ «ሚጡ» ነው። ሚጡ አልጋ ላይ ተጠቅልላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትውል የታላቋ አንጀት አልችል አለ። አንድ ቅዳሜ ብርድ ልብሱን ገፈፈችና ፀሐይ እንኳ ይንካሽ ብላ ይዛት ወጣች። በኋላ ያንን ቀን ስታስበው ምነው እግሬን በሰበረው ትል ነበር።

ሚጡ የዶማ አያያዝ እንኳ አታውቅም። አካፋውን እንደ መጥረጊያ ይዛ ጉድጓዱ ጥግ ላይ ትንሽ ጫር ጫር አደረገች። ቀና ስትል እጇ ላይ ከነጭ ሸክላ የተሠራች አሻንጉሊት ነበረች፤ ጉንጯ እንደቀላ፣ ጣቶቿ እንኳ ሳይጎድሉ። ፍልፈል በቁፋሮ ዘመኗ ሁሉ ያገኘቻቸው አሻንጉሊቶች ወይ ጭንቅላት የላቸውም፣ ወይ ጭንቅላት ብቻ ናቸው። አበጀሽ ብላ እህቷን ሳመቻት። የሳመችበት ከንፈር ግን ደርቆ ነበር።

የጀማሪ ዕድል ነው ብላ ራሷን አጽናናች። ዕድሉ ግን ጀማሪ ሆኖ አልቀረም። ፍልፈል ከጉድጓዱ መሐል፣ ጥሩው ዕቃ ከሚተኛበት፣ ላብ በላብ ሆና የጠርሙስ ስብርባሪ ታወጣለች፤ ሚጡ ከዳር ሆና እያንጎራጎረች የናስ ሻማ መያዣ፣ የዝሆን ጥርስ ማበጠሪያ፣ ወርቃማ ጠርዙ ያልለቀቀ ሳህን ታነሳለች። ፊቷም መለስ አለ፣ መብላት ጀመረች፣ ሳቋ ከጓሮ እስከ መንገድ ይሰማል። ፍልፈል ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደስም ብሏታል። ግን ደስታው ሳይውል ሳያድር ቆሽቷን የሚያሳርር ነገር ይመጣል።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልግ ወጣት ሴት፣ መግቢያው ላይ የመስተዋት ሣጥን አሠርታ የከተማውን የድሮ ዕቃዎች ልታሳይ አስባለች። ወደ ስፌት ቤቱ መጥታ በዚያ ሁሉ መደርደሪያ ፊት አለፈችና፣ አሻንጉሊቷን ያገኘችው ሴት የታለች ብላ ጠየቀች። በሳምንቱ ደግሞ አንዲት አዲስ ደንበኛ ሱሪ ልታሳጥር ገብታ ፍልፈልን ትክ ብላ አየቻትና «የሚጡ እህት ነሽ አይደል?» አለቻት። ፍልፈል አዎ አለች። ያን ቀን የሰው ቀሚስ ዚፕ ገልብጣ ሰፋች።

ከዚያ ወዲህ ያደረባት ነገር እንቅልፍ የሚነሳ ሆነ። ሚጡ ስታንጎራጉር ያማታል። ዝም ስትል ደግሞ ምን አግኝታ ይሆን ብላ አንገቷን ታሰግጋለች። እኔ አስተምሬያት፣ በእኔ ብረት፣ በእኔ ወንፊት፣ እያለች ስታብሰለስል መርፌው ጣቷን ይወጋታል።

ጡረታ የወጡ አንድ የባቡር ሾፌር ኮረብታው ላይ፣ አፈሩ እንደ ሸክላ ጡብ በቀላበት ሰፈር፣ አሮጌ ቤት አላቸው። ፍልፈል ስትለማመጣቸው ከርማ በመጨረሻ ፈቀዱላት። በቀጠሯቸው ቅዳሜ ሁለቱ እህትማማቾች ሄዱ። ጉድጓዱን ያገኘችው ፍልፈል ናት፣ የከፈተችውም እሷ ናት። ሾፌሩ ግን ወንበራቸውን ይዘው ወጡና ሚጡ አጠገብ ተቀመጡ። የባቡር ወሬ ያወሩላታል፣ እሷም እየሳቀች ወንፊቱን ትነቀንቃለች። ወሬው ሲጥማት ወንፊቱ ላይ የቀረውን ጓልና ድንጋይ ሳታይ ወደ ኋላዋ ትደፋለች።

ሾፌሩ ውሃ ላጠጣሽ ብለው ሚጡን ወደ ቤት ይዘዋት ሲገቡ ፍልፈል ከጉድጓዱ ወጣች። የእህቷን ጥፋት ልታገኝ ብላ ነው የወጣችው፤ ተመልሰው ሲመጡ በሾፌሩ ፊት «ይኸው፣ እንዲህ አይነፋም» ልትላት። የተደፋውን ክምር በእጇ በተን በተን አደረገችው። አንድ የእጅ መዳፍ የሚሞላ ቀይ ጓል አነሳች። ለጓል ቀለል አለባት። በአውራ ጣቷ ስታሸው ሰማያዊ ብርጭቆ ብልጭ አለ። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። የሽቶ ጠርሙስ ነው፣ በዓሣ ቅርጽ የተሠራ፤ ቅርፊቱ አንድ በአንድ የተቀረጸ፣ ጅራቱ የታጠፈ፣ የሽቶው መውጫ የዓሣው የተከፈተ አፍ። አንገቱ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ብቻ አለችበት።

እንዲህ ያለ ነገር በእጇ ነክታ አታውቅም። ልትጮህ አፏን ከፍታ ሳለ ከቤት ውስጥ የሚጡ ሳቅ ተሰማ። ወዲያው የሚሆነው ሁሉ በዓይኗ ላይ ሄደ። ከሚጡ ጉድጓድ ተገኘ ይባላል። ከሚጡ ክምር። ሾፌሩ ሚጡን ይመርቃሉ፣ የቤተ መጻሕፍቷ ሴት ሚጡን ታቅፋለች፣ እሷን የሚያያት የለም። እጇ ከሐሳቧ ቀደመና ዓሣው የሽርጥ ኪሷ ውስጥ ገባ። እህቷ ስትመለስ ደክሞኛል አለቻት።

ዓሣው የስፌት ሣጥን ውስጥ፣ ከቁልፎቹ ሥር ተኛ። ሚጡ ገበያ ስትሄድ በሩን ቆልፋ ታወጣዋለች፣ መስኮቱ ላይ ይዛ ታየዋለች። ሆዱ በቀይ ጭቃ ተጠቅጥቋል፤ ልታጸዳው ፈልጋ ስንጥቁን ፈርታ ተወችው። መጀመሪያ ላይ ልቧ ጮቤ ይረግጥ ነበር። ውሎ ሲያድር ግን መታመም ጀመረች። እንዲህ ያለ ነገር ተገኝቶ ለሰው ካልታየ፣ «ፍልፈል አወጣችው» ካልተባለ፣ ከቁልፍ በምን ይሻላል?

ከወንዙ ዳር፣ ጥቁር አፈር ካለበት ሰፈር፣ የአዋላጇ ቤት አለ። አዋላጇ አሮጊት፣ ንግግራቸው ቁርጥ ያለ ሰው ናቸው። ለፍልፈል ጓሯቸውን ፈቅደውላት ጉድጓዱን ጀማምራ ትታዋለች። በሥራ ቀን፣ አዋላጇ ሐኪም ቤት በሄዱበት ሰዓት ገባች። ዓሣውን ጥቁር አፈር በደንብ አሸችው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ክንድ ያህል ምሳ ቀበረችው፣ ላዩን ደለደለችው። ከዚያ የቤተ መጻሕፍቷን ሴት፣ ቁፋሮ እንዴት እንደሚካሄድ ማየት ከፈለግሽ ቅዳሜ ብቅ በይ አለቻት። ሚጡንም ጋበዘቻት። ሚጡ እንድታይላት በጣም ፈልጋ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ሙሽራ ቀሚሷ አልዘጋ ብሏት እያለቀሰች መጣች። ፍልፈል ሚጡን ቀድመሽ ሂጂ፣ ግን ምንም እንዳትነኪ ብላ ደጋግማ አስጠንቅቃ ላከቻት። ቀሚሱን ከወገቡ ፈታ፣ ከጎኑ ጨምራ፣ ሙሽራይቱን አጽናንታ ስትሸኝ ፀሐይ ከፍ ብሏል። መንገዱን በሩጫ ጨረሰችው።

የጓሮውን በር ስትገፋ ጭብጨባ ሰማች። አዋላጇ መጠበቅ ሰልችቷቸው «ቆማችሁ ከምታዩኝ ጫር ጫር አድርጊው፣ ልጄ» ብለው አካፋውን ለሚጡ ሰጥተዋታል። ሚጡ ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ቆማ፣ ሰማያዊውን ዓሣ በሁለት እጇ ወደ ፀሐይ አንስታለች። የቤተ መጻሕፍቷ ሴት መነጽሯ ከግንባሯ ወድቆ አፍንጫዋ ላይ አርፏል፣ ፎቶ ታነሳለች። አዋላጇም ይህችስ እጇ የተባረከ ነው፣ ዓሣውም ለእሷ ይገባታል አሉ።

ሚጡ እህቷን ስታይ «እትዬ! እዪልኝ እስኪ!» አለች።

ፍልፈል ሣሩ ላይ ያለ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። መሳቅ ነበረባት፤ ሳቀች፣ እንባዋም አብሮ ወረደ። ጉንጮቿ እንደ ሌላ ሰው ጉንጭ ከበዷት። የምታለቅሰው በደስታ ነው ብለው አዋላጇ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

በማግስቱ ሚጡ ወጥ ቤት ገብታ፣ በጎድጓዳ ሳህን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዓሣውን ይዛ፣ በትዕግሥት ጠብታ በጠብታ ታጥበው ጀመር። ፍልፈል ሌላ ክፍል ሆና ማሽኗን ታንቀሳቅሳለች። ሚጡ ጠራቻት። ከዓሣው አፍ ቀይ ጭቃ እንደ ክር እየተመዘዘ ይወርድ ነበር።

«የአዋላጇ አፈር ጥቁር አይደል?» አለች ሚጡ። «ይሄ ቀይ ከየት መጣ?»

«ጎርፍ ይሆናል። ከኮረብታው አውርዶት።»

ሚጡ ቀና ሳትል አሰበች። «ጎርፍ ቢሆን ዙሪያውም ቀይ ይሆን ነበር። ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ ተንከባሎ ይሄ አንገት አይተርፍም።»

ፍልፈል ራሷ ብትጠየቅ የምትመልሰው መልስ ነበር፤ ቃል በቃል። ዕድሉ አልበቃ ብሏት ዕውቀቱንም ወሰደችብኝ አለች በልቧ። ደሟ ፈላ። ጸጸት ቢሆን ኖሮ አፏን ይዘጋው ነበር፤ አፏን የከፈተው ንዴቱ ነው።

«እኔ ነኝ የቀበርኩት» አለች። «ሾፌሩ ጓሮ ነው ያገኘሁት። አንቺ ጓል መስሎሽ ከጣልሽው ውስጥ።»

ሚጡ ዓሣውን ፎጣ ላይ አስተኛችው። «እኔ ከጣልኩት ያንቺ ነው። የጣሉት ላነሳው ነው ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ምን አስደበቀሽ?»

«የሚጡ ጉድጓድ ሊሉት ነዋ። ሁሉ ነገር የሚጡ ነው። እኔ እንኳን የሚጡ እህት ሆኛለሁ።»

ሚጡ እጇን አደረቀች። ቀስ ብላ «እኔ ባሌን ቀብሬ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ እትዬ» አለች። «ምኔ ነው ያስቀናሽ?»

ፍልፈል ወደ ማሽኗ ተመልሳ ክር የሌለበት መርፌ ስትነዳ ቆየች።

ሚጡ አልጮኸችም፣ ለሰውም አላወራችም። ቤተ መጻሕፍት ሄዳ፣ ዓሣው የወጣው ከአዋላጇ ጓሮ ሳይሆን ከሾፌሩ መሆኑን ብቻ ተናግራ ለመስተዋት ሣጥኑ አስረከበችው። አዋላጇንም ሾፌሩንም ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች፤ ለምን እንደሆነ ግን አላብራራችም። ሾፌሩ ዓሣው እኔ ጋ ከሚቧጨር እዚያው ይቀመጥ ብለው ፈቀዱ። ከዚያ ሚጡ ከዳቦ ቤቱ በላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ስትወጣ እህቷን ሳመቻት፤ ይህኛው መሳም ነበር ፍልፈልን የገደላት።

ቤቱ ጭር አለ። የሚያንጎራጉር የለም። ፍልፈል ብቻዋን ለመቆፈር ወጥታ ብረቱን መሬት ላይ ተክላ፣ ሳትቆፍር ተመለሰች። የሚጡን ወሬ ከደንበኞቿ ትሰማለች፤ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሥራ ይዛለች፣ አምሮባታል ይሏታል። አምሮባታል የሚለውን ስትሰማ መርፌው አሁንም ጣቷን ይወጋታል።

አንድ ቀን እግሯ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ አደረሳት። ዓሣው ከመስተዋቱ ኋላ ብርሃን ጠጥቶ ተቀምጧል። ከሥሩ ያለችውን ወረቀት እንዳታይ ዞር ብላ፣ እንደገና ተመልሳ አነበበችው። ሁለት እህትማማቾች እንዳገኙት ይላል፤ የመጀመሪያው ስም የእሷ ነው። ኃላፊዋ አጠገቧ መጥታ «ሚጡ ናት እንዲህ ይጻፍ ያለችው፤ ጉድጓዱን ያገኘችው እትዬ ናት ብላ» አለቻት። ፍልፈል ደስ ሊላት ሲገባ የባሰ ቀናች። አሻንጉሊትም፣ ማበጠሪያም፣ ዓሣም ያላስቀኗትን ያህል የእህቷ ቸርነት አስቀናት፤ እኔ ይሄን ማድረግ አልችልም ነበር ብላ አሰበች። ውጭ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች።

ቅዳሜ ጠዋት ዶማዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ የዳቦ ቤቱን ደረጃ ወጣች። ሚጡ በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየቻት። ፍልፈል ይቅርታ ለማለት ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«የጫማ ሰሪው መበለት ጓሮዋን ፈቅዳለች» አለች። «ብረቱ ጥሩ ይገባል።»

«ማን መሐል ይቆፍራል?» አለች ሚጡ።

ፍልፈል ጥርሷን ነከሰች። «አንቺ።»

ሚጡ የጎማ ጫማዋን ከአልጋው ሥር ጎተተች። የመበለቷ ጓሮ ደርሰው፣ ሚጡ መሐሉን ይዛ፣ ፍልፈል ከዳር ወንፊቱን ይዛ ብዙም ሳይቆዩ፣ የሚጡ አካፋ አንድ ነገር ነክቶ ቂው አለ። ፍልፈል ወንፊቱን ሁለት እጇ እስኪነጣ ድረስ ጨበጠችው፤ ከዚያ አስቀመጠችውና ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበርክካ፣ ዳር ዳሩን እንድታላቅቀው ለእህቷ ትንሿን መኮትኮቻ አቀበለቻት።