የዛራፎ ፍሬዎች

ቋ!

መምህርት ሩሃፍዞ ሰሌዳው ላይ እየጻፈች ነበር፤ ድምፁ ከኋላዋ ነው። ዘወር ስትል ልጆቹ በየቡድናቸው ክብ ሠርተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ጨዋነታቸው አላማራትም።

ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ሦስት የአፕሪኮት ፍሬ፣ በጥርስ ተሰብሮ የሚበላውን ጠንካራ የውስጥ ዘር፣ ታድላለች። የተናገረ አንዱን ሳህኑ ውስጥ ይጥላል፤ ያለቀበት አፉን ዘግቶ ሌላውን ያዳምጣል። ለፍላፊው እንዲሰማ፣ ዝምተኛው እንዲናገር ብላ ያመጣችው ዘዴ ነው። ርዕሰ መምህሩ ሚርዞናቢ ግን፣ «ሁሉም ሲናገር ካልሰማሁ ቅዳሜ ዴስኮቹ ወደ ረድፋቸው ይመለሳሉ» ብለዋታል።

የሳምንቱ ጥያቄ፣ የመንደሩ የቦይ ውሃ ለምን አነሰ የሚል ነው። ዛራፎ እስካሁን ትንፍሽ አላለችም። ፍሬዎቿ ግን ውይይቱ ሳይጀመር ያልቃሉ፤ የአጠገቧ ልጅ የኹሽሩዝ ጉንጭ ደግሞ አያርፍም።

በማግስቱ ሩሃፍዞ የዛራፎን ፍሬዎች ጫፋቸውን በሰማያዊ ቀለም ነካ አድርጋ ሰጠቻት። ብዙም አልቆየ። ቋ!

«ኹሽሩዝ! አፍህን ክፈት።»

«ሙዓሊማ፣ ጥርሴን አሞኛል።»

«ክፈት አልኩህ!»

ከንፈሩ ሰማያዊ ነው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«የሷን ተራ ነው የበላኸው፣ አንተ ሌባ!» ብላ ቀና ስትል ሚርዞናቢ በሩ ላይ ቆመዋል። መቼ እንደመጡ እንጃ።

ለፍላፊው ኹሽሩዝ ከንፈሩን በእጅጌው ጠረገ።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለ ቀጭን ድምፅ። ዛራፎ ነበረች።

ሩሃፍዞ ይህንንም አላመነችም። «አስፈራርቶሽ ነው?»

«ይሄንን? ይሄንን ማን ይፈራል!»

«ታዲያ ለምን ሰጠሽው?»

«ስለ ቦዩ እንዳልናገር ብዬ ነዋ።» ልጅቷ ጣቷን አፍተለተለች። ከዚያ፣ «ውሃው ላይኛው ሰፈር ላይ ተገድቧል። እንጨት ለቀማ ስሄድ አይቻለሁ። ወደ ትልቁ የአፕሪኮት እርሻ ነው የሚገባው» አለች።

ትልቁ የአፕሪኮት እርሻ የማን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ የለም። አንገቶች ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ። ሩሃፍዞ ዴስኮቹ ከአሁኑ ሲጎተቱ የሰማች መሰላት፤ ልጅቷን ግን ዝም በይ አላለቻትም።

«ያለ ፍሬ ተናገረች!» አለ ኹሽሩዝ። ሳህኑን ብድግ አድርጎ ወደ በሩ ዘረጋ። «እርስዎም ከፈለጉ፣ አንድ ፍሬ አለን።»

የሳቀ የለም። ሚርዞናቢ ሳህኑን አዩ፣ ዛራፎን አዩ፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። ከዚያም ፍሬዋን ሳይነኩ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።