አመመኝ የማትል ልጅ

ሰፈርተኛው ሁሉ ውሻውን ይረግማል። ውሻውማ ውሻ ነው፤ ታመመ፣ አበደ፣ ነከሰ። ተረቱን የፈጠርኩት ግን እኔ ነኝ። ከአያትም ከቅድመ አያትም አልሰማሁትም። ይኸው ልናገርና ይውጣልኝ።

ስርጉት የታናሽ ወንድሜ የተስፋነህ ልጅ ነበረች፤ ስድስት ዓመቷ። እናቷ በሁለት ዓመቷ ሞተችባት። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ደብረ ታቦር እኔ ዘንድ ነው ያደገችው። እሱ እትዬ ስለሚለኝ እሷም እትዬ ትለኛለች። በግንቦት መጨረሻ ተስፋነህ እህል ሊጭን ወደ እብናት ሄደ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ጠፋ። ሳምንት ይሆናል አልን፣ ወር አልን፣ ክረምቱ ገባ።

ልጅቱም ለቅሶ ያዘች። ጸጉሯን ስሠራት አመመኝ፣ ጫማው ሲጠባት አመመኝ፣ ትኩስ ድንች ሲፈጃት አመመኝ፤ የሁሉም መጨረሻ ደግሞ "አባዬ የታለ" ነው። እኔ ጉሊት ተቀምጬ ሽንኩርትና ድንች ስሸጥ፣ ዝናቡም ሲወርድብኝ ውዬ ነው የምገባው። ትዕግሥት ሲታደል ደግሞ አልነበርኩም። አንድ ምሽት ቢቸግረኝ፣ "ነይ፣ ያላለቀሰችውን ልጅ ታሪክ ልንገርሽ" አልኳት።

ሸጊቱ የምትባል ልጅ ነበረች፤ አባቷን ጭራቅ ወንዝ ዳር ድንጋይ አደረገው አልኳት። የምታስመልሰው በባዶ እግሯ የእሾህ መንገድ ሄዳ ነው። መንገድ ላይ ግን አንዴ እንኳ "አመመኝ" ካለች አባቷ ድንጋይ እንደሆነ ይቀራል። ሸጊቱ እሾህ ወጋት፣ ዝም አለች። እንቅፋት ጥፍሯን ነቀለው፣ ዝም አለች። ቀበሮ ነከሳት፣ ዝም አለች። ቀበሮውን የጨመርኩት ተረቱ ቢያጥርብኝ ነው። ወንዙ ዳር ስትደርስ ድንጋዩ አባቷ ሆኖ ተነሣና አቀፋት።

"ስንት ቀን ዝም አለች?" አለችኝ።

"አባቷ እስኪመጣ ድረስ" አልኳት።

ከማግስቱ ጀምሮ ስርጉት ሸጊቱ ሆነች። አሮጌ ሻሼን ትጠመጥማለች፣ ጫማዋን ደጃፍ ላይ ታወልቃለች፣ ከቤቱ ጀርባ ባለው የቀጋ አጥር ሥር ትመላለሳለች። እግሯ ተቦጫጭሮ ትገባለች፣ ቃል አይወጣትም። ሹሩባ ስሠራት እንባዋ ዓይኗ ላይ ሞልቶ ከንፈሯን ትነክሳለች። ጎረቤቱ ሁሉ "ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት፤ ብዙነሽ፣ ደግ አድርገሽ አሳደግሻት" ይለኛል። እኔም ኮራሁ። ቤቴ ጸጥ አለልኝ፣ እንቅልፌን ተኛሁ።

የቡሄ ሰሞን የጎረቤታችን የበላይነህ ውሻ አበደ። ልጆቹ ሜዳው ላይ ሲጫወቱ ለሃጩን እያዝረከረከ መሃላቸው ገባ። የበላይነህን የራሱን ልጅ፣ ሲሳይን፣ ክንዱን ነከሰው። ልጁ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸ። ወንዶቹ ውሻውን ገደሉት፣ ሲሳይንም ያን ሰዓት ሐኪም ቤት ወስደው መርፌውን አስጀመሩት። በላይነህ ሲመለስ የሐኪሟን ቃል በየቤቱ እየዞረ ነገረን። እዚያ የነበረ ልጅ ሁሉ ይታይ፣ ጭረት እንኳ ብትሆን ይምጣ፣ በሽታው አንዴ ከጀመረ ማዳኛ የለውም ብላለች።

ስርጉትን ጠራኋት። ደጃፌ ላይ ሰው ሞልቷል። እጇን አየሁ፣ ፊቷን አገላብጬ አየሁ። ሱሪዋን ግን ሰብስቤ አላየሁም፤ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ሴት ልጅ መግለጥ ነውር መሰለኝ።

"የሚያምሽ አለ?" አልኳት።

"ምንም አያመኝም፣ እትዬ" አለችኝ፣ ቀጥ ብላ ቆማ።

ነክሶሻል ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት ትዋሸኝ ነበር ብዬ አላምንም፤ ውሸት አታውቅም ነበር። እኔ ግን ተመስገን ብዬ ወደ ድንቼ ተመለስኩ።

ከአራት አምስት ቀን በኋላ እግሯን ሳጥባት ከቁርጭምጭሚቷ በላይ የደረቀ ቁስል አየሁ። ዙሪያው ቀጋ የቧጨረው ነው፣ የትኛው ከየትኛው ይለያል።

"ይኼ እሾህ ምን አድርጎሻል፣ አንቺ ልጅ" አልኳት።

"ሸጊቱንም ወግቷት የለ?" አለችና ሳቀች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እየተባልኩ ያደግሁ ሴት ነኝ። ልጅቱን ያስተማርኳት ግን መደበቅ ነው፤ ያውም በተረት።

መስቀል አምስት ቀን ሲቀረው ትኩሳት ያዛት። ያንኑ እግሯን ስታሽ ታድራለች፤ ምነው ስላት ዝም። ብርድ ነው ብዬ ሻይ በጤና አዳም አፈላሁላት፣ ፊቷን አዞረች። ምግብ መተዋን አይታ "ልጅ እንዲህ ነው፣ ነገ ትበላለች" ያለችኝ ጎረቤትም ነበረች፤ እኔም ማመን ፈልጌ አመንኳት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ብከፍት ተስፋነህ ነው። ጠቁሯል፣ ከስቷል፣ ጫማው አፉን ከፍቷል። መኪናውን እዚያው ጥሎ ግማሹን መንገድ በእግሩ ነው የመጣው። አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩና አለቀስኩ፤ የሞተ መስሎኝ ነበራ።

ስርጉት ከአልጋው ቀና አለች። መጀመሪያ ያየችው አባቷን አልነበረም፣ እኔን ነው።

"እትዬ፣ አሁን ልናገር?"

"ተናገሪ የኔ እናት፣ ምን ልትይ ነው?"

"እግሬን አመመኝ" አለች። "ጉሮሮዬንም አመመኝ። የሲሳይ ውሻ ያን ቀን እኔንም ነክሶኝ ነበር። አልተናገርኩም እኮ አባዬ፣ አንዴም አላልኩም። ለዚህ ነው የመጣኸው።"

ፊቷ በርቶ ነበር። ተስፋነህ ስለ ውሻው ማበድም ስለ ሸጊቱም የሚያውቀው ነገር የለም፤ ሳቀና "ጎበዝ ልጄ" አላት። ከንፈሯ ደርቆ ቢያየው ውሃ በኩባያ ቀድቶ አስጠጋላት። ውሃውን ስታይ ጉሮሮዋ ተያዘ፣ አንገቷ ተንቀጠቀጠ፣ ኩባያውን ገፍታ አፈሰሰችው። ደግሞ ቢያስጠጋላት ጮኸች። ተስፋነህ ዞሮ አየኝ። እኔ ግድግዳውን ይዤ ቀርቻለሁ።

ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ቆየች። የመስቀል ዋዜማ ቀበርናት።

ቀብር ውለን ስንመለስ ተስፋነህ መንገድ ላይ ቆመ። "እትዬ፣ ለምን አልነገረችሽም?" አለኝ። "አንድ ቃል ብትናገር እኮ እንደ ሲሳይ በመርፌ ትድን ነበር። ማን ነው ዝም በይ ያላት?"

"ልጅ አይደለች" አልኩት። "ፈርታ ነው።"

እስከ ዛሬ የሚያምነው ያንኑ ነው። ለሚጠይቀው ሰው ሁሉ ልጄ ፈርታ ነው የሞተችው ይላል። እሷ ግን አልፈራችም ነበር።