ደህና መሆኗን ትናገራለች

ወረንጦው ለሦስተኛ ጊዜ ከማርሊስ ቮስ ጣቶች መሃል ሾልኮ ወደቀ። ድምፁን ሰማች እንጂ ከእጇ ሲወጣ አልተሰማትም። ጎንበስ ብላ አነሳችውና በእርጥቡ ወረቀት ላይ የበቀሉትን የበቆሎ ቡቃያዎች መለየቷን ቀጠለች፤ ጤነኛ፣ ጉድለት ያለበት፣ የሞተ።

የዚያ ሰኞ ጠዋት ሁኔታዋ ይህ ነበር። ዕድሜዋ ሃምሳ ሰባት ነው። አሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት ውስጥ ባለ አንድ የዘር መመርመሪያ ላቦራቶሪ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ቀኝ ጡቷ በካንሰር ምክንያት በጥቅምት በቀዶ ጥገና ወጥቷል። በየሳምንቱ ከሚሰጧት አስራ ሁለት ኬሞዎች ስምንቱን ጨርሳለች፤ መድኃኒቱ የአሥሩንም ጣቶቿን ጫፍ አደንዝዞታል። ቀድሞ በሳምንት አርባ ሰዓት ትሠራ የነበረችው አሁን አስራ ሁለት ትሠራለች። ከአስራ አምስት ካለፈች ገቢዋ የአካል ጉዳት ድጎማ ቢሮው ካስቀመጠው ጣሪያ በላይ ይሆንና ማመልከቻዋ ይዘጋል። ማመልከቻውን ካስገባች አምስት ወሯ ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ ለሮይ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሆኖም የመዝሪያው ወቅት ሲደርስ ወይ ሙሉ ሰዓት እንድትገባ፣ ወይ ቦታውን እንድትለቅ ነግሯታል። ድጎማው ከተፈቀደ ትለቃለች። ካልተፈቀደ በእነዚህ ጣቶች ቀኑን ሙሉ ቆማ ትለቅማለች።

ማክሰኞ ዘጠነኛውን ኬሞ ወስዳ ስትመለስ ደብዳቤው የፖስታ ሳጥኗ ውስጥ ነበር። አልተፈቀደም። ቀላል ሥራ በሙሉ ሰዓት መሥራት ይችላሉ ይላል።

በማግስቱ ወደ ድጎማ ቢሮው ደወለች። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ካሰሟት በኋላ አንድ ሰውዬ አነሳና እየሠራች መሆኗን አስታወሳት።

“በሳምንት አስራ ሁለት ሰዓት” አለችው። “በየእረፍቱ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ እጋደማለሁ።”

“ይገባኛል እመቤት። ግን እኔ የማየው ፋይሉን ነው። ፋይሉ ላይ መኪና የሚባል ነገር የለም።”

“ታዲያ ምን አለ?”

“ደህና ነኝ ብለዋል።”

“ለማን?”

“ለክሊኒክዎ። ሰባት ጊዜ።”

ይግባኝ ለማለት ስልሳ ቀን እንዳላትና አዲስ የሕክምና ማስረጃ ካገኘች ማያያዝ እንደምትችል ነግሯት ዘጋ።

ከሰዓት በኋላ እህቷ ቤቭ በአይብ የተጋገረ ድንች ይዛ መጣች። የክሊኒኩን ማስታወሻዎች ከኢንተርኔት አውጥታ አትማቸዋለች። ቀኑ ብቻ ነው የሚለያየው፤ ሰባቱም ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር አንድ ነው። ታካሚዋ ደህና መሆኗን ትናገራለች። ቅሬታ የላትም።

“እውነትም ብለሽ ነበር?” አለች ቤቭ።

“ነርሷ እንዴት ነዎት ስትለኝ ምን ልበላት?”

“አንቺ ሴትዮ፣ የአባታችን ልጅ ነሽ እኮ። የበቆሎ ማጨጃው ሁለት ጣቱን ቆርጦት፣ ‘ደህና ነኝ፤ ባለቤትህስ እንዴት ናት?’ ያለው ዶክተሩን ነው።”

ማርሊስ አልሳቀችም። መጀመሪያ የተናደደችው በነርሷ ነበር፤ ቀጥላ በቢሮው። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው አንድም ቀን አላያትም። የባሰው ንዴት ግን በገዛ አፏ ላይ ነበር። ላቦራቶሪው ውስጥ አንድ ጀማሪ ቅጹ ላይ “ደህና ይመስላል” ብሎ ቢጽፍ ፊቱ ላይ ትቀደዋለች። ከተዘራው አራት መቶ ፍሬ ስንቱ ጤነኛ ነው? ብላ ትጠይቀዋለች። እሷ ግን ስለ ራሷ ስትጠየቅ አንድም ቁጥር ሰጥታ አታውቅም።

ስድስት ቀን ራሷን ለካች። በሰዓት እየያዘች፣ ሳታጋንን፣ ሳትቀንስ፣ የተሻላትንም ቀን ጨምራ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፈች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ለአሥረኛው ኬሞ ክሊኒኩ ውስጥ ተቀምጣ ሳለ ነርሷ ኬንድራ ኮምፒውተር የተጫነበትን ጋሪ እየገፋች መጣች። ልጅ እግር ናት፤ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው።

“እንዴት ነዎት ዛሬ፣ ማርሊስ?”

ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

“ምን ልትጽፊ ነው?”

ኬንድራ ቀና አለች። “ምንም። ገና እየጠየቅኩዎት ነው።”

“እስከ ዛሬ ሰላምታ መስሎኝ ነበር።” ወረቀቱን ዘረጋችላት። “ሸሚዝ ለመቆለፍ አራት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ። ከመቶ የበቆሎ ፍሬ ሠላሳ አንዱ ይወድቅብኛል። ሃያ ሁለት ደቂቃ ከቆምኩ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ቀኝ ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አይወጣም።”

ኬንድራ አነበበችው፤ ፊቷ ቀላ። ቅጹ ላይ ለዚህ ሁሉ የሚሆን ቦታ እንደሌለ፣ ስካን አድርጋ ልታያይዘው እንደምትችል፣ ሌላ ስድስት ሰው እንደሚጠብቃት ነገረቻት።

“ስካን የተደረገውን ማን ይከፍተዋል? አንቺ ከጻፍሽው ግን ሐኪሟ ትፈርምበታለች፤ ለይግባኜም ማስረጃ ይሆነኛል።”

“መድኃኒቱ ተዘጋጅቷል እኮ። መጀመሪያ መርፌውን ላስገባና...”

ማርሊስ የግራ እጅጌዋን ወደ ታች ሳበችው። “ጽፈሽ እስክታነቢልኝ ክንዴን አልሰጥሽም።”

“ሕክምናውን እምቢ ማለትዎ ነው? እሱንም መመዝገብ አለብኝ።”

“መዝግቢው። ለምን እንደሆነም መዝግቢ።”

ከጎናቸው መድኃኒት የተሰካላቸው አንድ ሽማግሌ መጽሔታቸውን ዝቅ አደረጉ። ኬንድራ በሩን አየች፣ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ በአስር ሳምንት ውስጥ አጠገቧ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። መጻፍ ጀመረች። የሸሚዙ ቁልፍ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ፣ “በሁለት እጅዎ ነው?” ብላ ጠየቀች።

“በሁለት እጄ።”

“መሃል ላይ ያርፋሉ?”

“ሁለት ጊዜ።”

እሱንም ጻፈች። ጨርሳ ከላይ እስከ ታች አነበበችላት፤ ማርሊስ አንድ ቁጥር አሳረመቻትና እጅጌዋን ወደ ላይ ሰብስባ ክንዷን ሰጠቻት።

ማስታወሻው አስራ ዘጠኝ መስመር ሆነ። መድኃኒቱ ሃያ ስድስት ደቂቃ ዘግይቶ ጀመረ።