የጋሽ አስናቀ ሬዲዮ የተረበሸበት ምክንያት

ጋሽ አስናቀ ጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው። በሴቻ ሰፈር የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያላቸው እርሳቸው ብቻ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል፤ እንዳያውቅ ዕድል የተሰጠው ሰው የለም።

ሰሞኑን ግን ሬዲዮው የሚያነጋግሯቸውን የሩቅ አገር ሰዎች ድምፅ ትቶ "ዝዝዝ" ብቻ ይል ጀመር። ጋሽ አስናቀ በሥራ ዘመናቸው ጥፋተኛ ማግኘት አይቸግራቸውም ነበርና በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

"ዳልጮ! ያ ፍሪጅህ ዓለምን ዘጋብኝ!"

ጎረቤታቸው ዳልጮ ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ እያመጣ ለሆቴሎች ያስረክባል።

"ጋሼ፣ ዓሣው ይበላሽብኛል እኮ" አለ። ቢሆንም አክብሯቸው ነቀለው። ዝዝታው አልቆመም። ቴሌቪዥኑንም አስነቀሉት። ዓሣው መሽተት ጀመረ፤ ሳይንስ መሥዋዕት ይጠይቃል፣ በተለይ የጎረቤት።

አንድ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ መብራት ጠፋ። በባትሪ የሚሠራው ሬዲዮ ወዲያው ጠራ፤ ከሞምባሳ አንድ ሰው ሲያወራ ቁልጭ ብሎ ተሰማ።

"አየሽ አበራሽ? ዳልጮ ነው!" አሉ ለሚስታቸው።

"መብራቱ እኮ የእኛም ጠፍቷል።"

መብራቱ ሲመለስ ድምፁ እንደጠራ ቀጠለ። ጋሽ አስናቀ ሞምባሳን በካርታ ለማየት አዲሱን ሰፊ የኮምፒውተር ሞኒተራቸውን ከፈቱ። ዝዝዝ! አበራሽ ሶኬቱን ነቀለች፤ ጠራ። መልሳ ሰካችው፤ ዝዝዝ።

"ዳልጮ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ምን ይሠራል?" አለች።

"ይህ የኤሌክትሮማግኔት ጣልቃ ገብነት ይባላል።"

"ስሙ ዳልጮ አልነበር?"

ሞኒተሩን ከሬዲዮው አራቁት፤ ገመዱንም ሞገድ በሚያፍን ጥቁር ቀለበት ላይ ጠመጠሙት። ዝዝታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ የአንቴናው ሽቦ ከቤቱ መራቅ ነበረበት። በአቅራቢያው ያለው ረጅም ዛፍ ደግሞ የዳልጮ ማንጎ ነው። ጋሽ አስናቀ አጥሩ ሥር ቆመው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"ዳልጮ፣ ወንድሜ..."

ዳልጮ ምክንያቱን ሰምቶ ሳቁን ዋጠና ራሱ ዛፉ ላይ ወጥቶ ሽቦውን አሰረ። ሲጨርስ አበራሽ ወደ ቤት ጠራችው። ሞኒተሩ እየበራ የሞምባሳው ሰው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ጋሽ አስናቀ ማይክሮፎኑን ይዘው፣ ከረጅም ምርምር በኋላ ችግሩን እንደፈቱ በእንግሊዝኛ አስረዱ።

ዳልጮ ወደ አበራሽ ጠጋ ብሎ፣ "ምርምሩ የትኛው ነው?" አላት።

ጋሽ አስናቀ ሰሙት። ፊታቸው ጭምድድ አለ፤ የማይክሮፎኑን ቁልፍ እንደገና ተጫኑና፣ "ጎረቤቴም ረድቶኛል" ብለው ጨመሩ። በእርሳቸው ዘንድ ከዚህ የበለጠ ይቅርታ የለም።