የአስተርጓሚው ቃል

የቆጠራ ቢሮ ሠራተኛዋ ሁለት ሰንጠረዥ ከፊቷ ዘርግታለች። የተራራ ሰዎችና የወንዝ ሰዎች የሚባሉት ስደተኞች ከሁለት አገር ተነሥተው በአንድ መርከብ የመጡ ናቸው። ዛሬ የእሷ ወገኖች፣ የተራራዎቹ የልጅ ልጆች፣ ሐኪምና ነጋዴ ሆነዋል፤ ከወንዞቹ ግን ግማሹ ሃምሳ ሳይሞላው ይቀበራል።

"ሪፖርቱ ላይ ምክንያቱን 'ታታሪነት' ብለሽ ጨርሽው" አላት አለቃዋ።

እሷ ግን ሳትጽፈው አያቷ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው ዘጠናን አልፈዋል፤ መርከቡ ሲደርስ ከመጡት ሁሉ የዚህን አገር ቋንቋ የሚችሉ እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ለሁለቱም ወገን ያስተረጉሙ ነበር።

"አባባ፣ ኑሯችን እንዴት እንዲህ ተለያየ?"

"ወደቡ ላይ ሹሙ 'ለማዕድን ጉድጓድ የሚሆኑት የትኞቹ ናቸው?' አለኝ። 'የወንዞቹ ጠንካሮች ናቸው' አልኩት። ምን ልበልሽ ልጄ፣ አፌ ቀደመኝ።"

"እነሱስ?"

"ቋንቋውን አያውቁ! ደግ የተናገርኩላቸው መስሏቸው አንድ በአንድ እጄን ጨብጠው አመሰገኑኝና ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። እስከ ዛሬ ዓይኔን ስከድን ይመጣሉ። ሰልፉ አያልቅም፤ ሁሉም ይጨብጡኛል።"

ቀኝ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ደበቁ።

በማግስቱ አያቷ ያሉትን ቃል በቃል ሪፖርቱ ላይ ጻፈችው። አለቃዋ አንብቦ ሰረዘው። እሷም ስሟ ከሪፖርቱ ላይ እንዲወጣ ጠየቀች።